ጣፋጭ ሣር

ከፊራ ገበያ፣ በቅስቱ በር ገብቶ፣ በቀኝ ለታጠፈ፣
የበርበሬን ክምር፣ የፌጦውን ጆንያ፣ በጎን ላለፈ፣
የአባቴ ሱቅ ነበር፤
አርባ ሦስት መሳቢያ፣ ጽሑፍ የሌለበት፣ ስም የማይነበብ፣
አባቴ ሙባረክ በአፍንጫው ነበር የሚያነብ።
እጁን ሰድዶ፣ አሽትቶ፣ "ይኼ ቀበርቾ ነው፤ ይኼ ስረ ብዙ፤
ይኼን ግን አትንኪ፣ ብዙ ነው መዘዙ።"

እኔ ልጁ ደግሞ፣ ከዚራ፣ ፋርማሲ፣
ባለ ነጭ ጋዋን፣ ባለ ፈቃድ፣ ባለ ኮምፒውተር፣
ክኒን በሳህን ላይ በአምስት በአምስት ስቆጥር፣
"አባትሽ ምን ይሠራል?" የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣
"ነጋዴ ነው" ብዬ አልፍ ነበር፤ ዛሬ ነው የሚያመኝ።

አንድ ቀን፣ በጥር፣ ሐዲዱ ሲዘረጋ፣
ሳሉ ቀድሞት ገባ፤ እሱ ከኋላ መጣ፤ ወደ እኔ ተጠጋ።
የሥራ ቆቡ ላይ የመልካ ጀብዱ አቧራ።
ደረቱን መታ በጣቱ፣ "ሁዋ" ብሎ ስሙን ሲጠራ።
ሽሮፕ አወጣሁለት፤ እጁን አወዛወዘ፤
ስልኩን አፉ ሥር ይዞ አንድ ነገር ተናዘዘ፤
ስልኩም በአማርኛ፣ በሴት ድምፅ፣ ሳያፍርበት፣
"ጣፋጭ ሣር ስጪኝ" አለ፤ ወረፋው ሁሉ ሣቀበት።
"ሣሩ ፍየል ተራ ነው" አለ አንዱ፤ "ባጃጅ ልጥራለት?"

እሱ ግን አልሣቀም።
ወረቀት ለምኖ ሥር ሣለ፤ ረዥም፣ ጠመዝማዛ፣
እንደ ጅራፍ ጫፉ የሳሳ፣ ከመሐሉ የወዛ።
ያን ጊዜ ገባኝ። ጋዋኔን አወለቅሁ፣ በሩን ዘጋሁና፣
ደቻቱን በእግር አቋረጥን፤ ውኃ የለውም ገና።

አባቴ ሥዕሉን አላየም፤ ዓይኑ ደክሟል።
ሳሉን አዳመጠ፤ ራሱን ነቀነቀ፤
ከታች ሦስተኛውን ሳበና፣ አንዱን ሥር መርጦ፣ በጥርሱ ሰነጠቀ።
ውጩ ቡኒ፣ ሆዱ ቢጫ።
አባቴ "ዒርቅ ሱስ" ሲል፣ "ጋን ጻኦ!" ሲል ሁዋ፣
አንዱ ሥር ሁለቴ ተጠራ፣ በአንድ ቀን፣ በድሬ ዳዋ።

ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ፤ በአንድ ጉንጭ እያኘኩ።
አባቴ በእጁ ነገረው፦ ተወቅጦ፣ ተዘፍዝፎ አድሮ፣
በረመዳን ምሽት፣ ለማፍጠሪያ ሲሆን፣ እንዲያርስ ጉሮሮ።
ሁዋም በእጁ ነገረው፦ በስሱ፣ በሰያፍ ተቆርጦ፣
ከመራራው ሥር ሁሉ ጋር በአንድ ድስት ተቀምጦ፤
ከዚያ ሁለት ቡጢ አጋጨ፤ ጠብ ነው፤ ጥርሱን አፋጨ።
አባቴ ሥሩን በመሐል ሲያስገባ፣
ቡጢው ቀስ ብሎ ላላ፤ ጣት ከጣት ተግባባ።
"ሽማግሌ ነው ይልሻል" አለኝ፤ "ብቻውን አያድንም፤
መራሮች ሆድ ውስጥ ሲጣሉ፣ ያለ እሱ አይታረቁም።"

ማን ተረጎመለት? እኔ አልተነፈስኩም፤ ስልኩም ኪስ ውስጥ ነበር።
እኔ የማውቀው ሌላ ነው፤ ከመጽሐፍ የተማርኩት ነገር፦
ይህ ሥር ጨው ያስቀራል፣ ውኃ ያቁራል፣ የደም ግፊት ያንራል።
አባቴ ደግሞ ግፊት አለበት፤ ክኒኑን ከእጄ ይውጣል፤
ይህን ሥር ከከለከልኩት ሰባት ዓመቱ፤ ወላሂ ብሎኛል።
እያየኝ አኘከ።
እያየሁት ዝም አልኩ።
አንድ ቀን ነው፣ አልኩ። አንድ ቀን ግን አልነበረም፤
እስከ ሐምሌ ድረስ፣ በየዓርቡ፣ ሁዋ መምጣት አልቀረም።

ሐዲዱ አለቀ፤ ሁዋን ወደ ሌላ በረሓ ሰደዱት፤
ሳሉ ይዳን አይዳን አላውቅም።
ሲሰናበት፣ በጥቁር ማርከር፣ መሳቢያው ላይ ሁለት ፊደል ጻፈበት፦
አንዱ ጆሮ ያለው ቅርጫት ይመስላል፤ አንዱ ሣር የበቀለበት ጣራ።
አባቴ በጣቱ ሄደበት፣ እንደ ዓይነ ስውር፣ ተራ በተራ።

በግንቦት ሞተ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ። በእርጅና ነው፣ እላለሁ፤
ሌሊት ግን እነዚያን ዓርቦች በአምስት በአምስት እቆጥራለሁ።

መሳቢያው ለእኔ ቀረ። አርባ ሁለቱን እየከፈትኩ አሸተትኩ፤
የቱ ቀበርቾ፣ የቱ ስረ ብዙ፣ የቱ ነው መዘዘኛው? አስነጠስኩ።
ስም ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም ማንበብ አልችል፤
ጫፉን ነክሼ ነው፣ "አዎ፣ እሱ ነው" የምል።